ኮሪያ ሄዶ መማርና መሥራት፦ ከቦሌ እስከ መጀመሪያው ደሞዝ

ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ሴኡል ከገቡ ልጆች የሚሰማው እሮሮ ያው ነው። ባንኩ አካውንት አልከፍትም አለኝ። የማረጋገጫ ኮዱ አይሠራልኝም። ሥራ አግኝቼ ኢሚግሬሽን ቀጣኝ። ነገሩ ሲጣራ ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ አራተኛውን ነገር ከሁለተኛው በፊት አድርጎ ነው። ኮሪያ ውስጥ አንዱ ወረቀት ካልወጣ ቀጣዩ አይወጣም። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተራቸው ተከተሉ። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ።

ከሁሉ በፊት፦ በየትኛው ቪዛ ነው የምትገቡት?

ሻንጣ ከመግዛታችሁ በፊት የቪዛችሁን ዓይነት እወቁ። መሥራት መቻል አለመቻላችሁን የሚወስነው እሱ ነው።

ዲ-2፦ ለዲግሪ፣ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎች። ፈቃድ አውጥታችሁ የትርፍ ሰዓት ሥራ መሥራት ትችላላችሁ።

ዲ-4፦ ለኮሪያ ቋንቋ ተማሪዎች። የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት መሥራት አይቻልም። ከዚያ በኋላ በፈቃድ።

ሲ-3፦ ለአጭር ጉብኝት። ሥራ የለውም። «ገብተህ ትቀይረዋለህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ኢ-9፦ የፋብሪካና የእርሻ ሠራተኞች ቪዛ ነው። የሚሰጠው ከኮሪያ መንግሥት ጋር ስምምነት ላላቸው አገሮች ዜጎች ነው፤ ኔፓል፣ ቬትናም፣ ፊሊፒንስና የመሳሰሉት። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። «ኮሪያ ፋብሪካ እናስገባችኋለን» ብሎ ቀብድ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ወሬውን እዚያው ጨርሱት።

ኤች-1፦ የወርኪንግ ሆሊዴይ (እየተዝናኑ የመሥራት) ቪዛ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት አይገኝም። ግን ይህን የምታነቡት ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም፣ ከበርሊን ወይም ከቴል አቪቭ ከሆነና የዚያው አገር ፓስፖርት ካላችሁ ይመለከታችኋል። ዕድሜው በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ነው፤ ለአንዳንድ አገሮች ከዚያም ከፍ ይላል። የእናንተን ገደብና የሥራ ሰዓት በአገራችሁ ካለው የኮሪያ ኤምባሲ ጠይቁ። ከዚህ መመሪያ ደረጃ 6 ላይ ያለውን ፈቃድና የተማሪ ወረቀቶቹን ዝለሉ፤ ሌላው በአብዛኛው ለእናንተም ነው።

ስኮላርሺፕ የምትፈልጉ ደግሞ ጂኬኤስ የሚባለውን የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ተከታተሉ። የማስተርስና የፒኤችዲ ጥሪው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ አካባቢ፣ የዲግሪው በሴፕቴምበር አካባቢ ይወጣል። በኤምባሲው ወይም በቀጥታ በዩኒቨርሲቲው በኩል ታመለክታላችሁ። ደላላ አያስፈልገውም። የስኮላርሺፕ ተማሪ ላይ ስለ ሥራ ተጨማሪ ደንብ ስላለ፣ ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት የእሱን ደንብ አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይንቀዋል። የሀበሻ ልጅ ኮሪያ ውስጥ በጣም የሚቸገረው ግን እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ስም ሦስት ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። የኮሪያ ሲስተም የሚያውቀው የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ነው። አብዛኛው ኮሪያዊ ስሙ ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ ፎርሞቹ ላይ ያለው ቦታም ጠባብ ነው። አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ልጅ በነዋሪነት ካርዱ ላይ «ተሰማ አበበ ከበደ»፣ በባንክ «ተሰማ አበበ»፣ በስልኩ ደግሞ «ተሰማአበበከበደ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው።

1. ፓስፖርታችሁን ግለጡ። ከፎቶው ገጽ ግርጌ በትልልቅ የላቲን ፊደላት የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ። ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። ስማችሁ እዚያ ላይ በምን ቅደም ተከተልና በምን ስፔሊንግ እንዳለ በወረቀት ገልብጡ።
2. ዲግሪያችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁን፣ የልደት ሰርተፊኬታችሁንና የቋንቋ ፈተና ውጤታችሁን ከእሱ ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ አገር ቤት እያላችሁ አስተካክሉ። ሴኡል ሆኖ የአዲስ አበባ ሬጅስትራር ቢሮን ማሳደድ ስቃይ ነው።
3. የማይስተካከል ከሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ አጽፉና ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር አረጋግጡት።
4. ያቺን የገለበጣችኋትን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ፎርም በሞላችሁ ቁጥር ከእሷ ብቻ ቅዱ።

ደረጃ 2፦ ወረቀትና ገንዘብ፣ አገር ቤት እያላችሁ

የትምህርት ማስረጃ እንደየዓይነቱ በትምህርት መሥሪያ ቤቶች፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ባለው የኮሪያ ኤምባሲ ይረጋገጣል። ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት ስለሚለያይ፣ የትኛው ሰነድ የማን ማኅተም እንደሚያስፈልገው የዩኒቨርሲቲያችሁን ዓለም አቀፍ ቢሮ በኢሜይል ጠይቁ። መልሱን አትሙትና ያዙት። በየመስኮቱ ለሚሰማው የተለያየ ወሬ መድኃኒቱ እሱ ነው።

በእጅ ሻንጣ የሚገባ፦

- ዋና ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የተረጋገጡ ቅጂዎች
- የዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ደብዳቤ
- 3.5 በ4.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ጀርባቸው ነጭ የሆነ ጉርድ ፎቶዎች። ብዙ አድርጓቸው
- የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት። ኮሪያ ይህን ከምትጠይቃቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት
- በባንክ ገንዘብ እንዳላችሁ የሚያሳየው ማስረጃ ቅጂ
- የምትኖሩበት አድራሻ በኮሪያኛ የተጻፈበት ወረቀት

የኤሌክትሪክ መሰኪያ አታስቡ። ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ 220 ቮልት፣ ክብ ሁለት እግር። የክረምት ካፖርትም ከዚህ አትግዙ። መርካቶ «የበረዶ» ተብሎ የሚሸጠው የሴኡልን ጃንዋሪ አይችልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በአጠቃላይ ለዲ-2 ወደ 20 ሚሊዮን ዎን፣ ለዲ-4 ወደ 10 ሚሊዮን ዎን በባንክ እንዳላችሁ ማሳየት ይጠበቃል። ከሴኡል ዙሪያ ውጭ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ገንዘብ ከዘመድ ለምኖ ለጥቂት ቀን አስገብቶ ያሳያል፤ ከዚያ ያወጣዋል። «እዚያ ሠርቼ እከፍላለሁ» ይላል። እዚህ ላይ በደንብ አስቡ። ዲ-4 ከሆናችሁ ግማሽ ዓመት አንድ ዎን አታገኙም። ዲ-2 ከሆናችሁም ካርድ፣ ሥራ ፍለጋ፣ ፈቃድ እያላችሁ ሁለትና ሦስት ወር ይሄዳል። ጠባቧ ክፍል እንኳ በወር 300 እና 400 ሺህ ዎን ትበላለች፤ ምግብና ትራንስፖርት ሳይቆጠር። በዕዳ ሄዶ በመጀመሪያው ወር የተጨነቀ ልጅ ነው ያለ ፈቃድ ሥራ የሚገባው። ዲ-2 ከሆናችሁ የሦስት ወር፣ ዲ-4 ከሆናችሁ ደግሞ ቢያንስ የሰባት ወር ኑሮ የሚሸፍን የራሳችሁ ገንዘብ ከሌላችሁ ጉዞውን አንድ ሴሚስተር አዘግዩት።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት

የዚህ ሳምንት ዓላማ አንድ ነው፦ በወረቀት የተረጋገጠ አድራሻ ማግኘት። ቀጣዩ ደረጃ ያለ እሱ አይጀመርም።

1. ኢንቾን አየር ማረፊያ ላይ በፓስፖርት የቅድመ ክፍያ ሲም ግዙ። የዓመት ውል አትፈርሙ፤ ዋናው ስልክ በኋላ ይመጣል።
2. ቲመኒ የተባለውን የትራንስፖርት ካርድ ከሱቅ ግዙና ሙሉ። ባቡርም አውቶቡስም ይሠራል። ስትወርዱም ካርዱን ማስነካት አትርሱ፤ አለዚያ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ስትቀይሩ እንደገና ሙሉ ሂሳብ ይቆረጣል።
3. ናቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ፣ ካካኦቶክ (መልእክት መላላኪያ) እና ፓፓጎ (አስተርጓሚ) አውርዱ። እግረኛን መንገድ ለመምራት ጉግል ማፕ እዚህ አገር ደካማ ነው።
4. ዶርም ካገኛችሁ የነዋሪነት ማረጋገጫ ወረቀት ከዶርሙ ቢሮ ውሰዱ። ጎሺዎን (የአንድ ሰው ጠባብ ክፍል) ከተከራያችሁ ደግሞ ስማችሁ ያለበት ውል ይዛችሁ ውጡ። ባለቤቱ «ውል አያስፈልግም» ካለ ሌላ ፈልጉ። ክፍሉ ቢረክስም ያለ ወረቀት አይጠቅማችሁም።

መስኮት ያለውና የሌለው ጎሺዎን ዋጋው ይለያያል። መስኮት ላለው ክፈሉ። ክረምቱን ካያችሁ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

ቆሻሻ አጣጣልም በዚሁ ሳምንት ተማሩ። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ የሚሸጥ ፌስታል አለው፤ ከሰፈር ሱቅ ትገዙታላችሁ። የምግብ ትራፊ ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ። በተራ ፌስታል የጣለ ይቀጣል። ካሜራው በየጥጉ ነው።

ለፆመኛ፦ ኪምቺ አትክልት ነው ብላችሁ አትዘናጉ። አብዛኛው ጨው የገባበት ዓሣ ወይም ሽሪምፕ አለው። ሾርባውም በደረቀ ዓሣ ነው የሚፈላው። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ ኢቴዎን ያለው ትልቁ መስጊድ ዙሪያ የሐላል ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች አሉ።

ደረጃ 4፦ የነዋሪነት ካርድ

ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ በገባ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የተማሪው አፍ ካርዱን «ኤአርሲ» ይለዋል። ስልክ፣ ባንክ፣ ሥራ፣ ኢንሹራንስ ሁሉም ከእሱ በኋላ ናቸው። ሕጉ 90 ቀን ስለሰጠ ግን 90 ቀን አላችሁ ማለት አይደለም። ማርችና ሴፕቴምበር ላይ ሺህ ተማሪ አንድ ላይ ስለሚገባ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ለሳምንታት ይሞላል።

1. መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲያችሁን ዓለም አቀፍ ቢሮ «የቡድን ምዝገባ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ የተማሪዎቻቸውን ወረቀት ሰብስበው በአንድ ቀን ያስገባሉ። ካላቸው በእሱ ሂዱ።
2. ከሌላቸው በገባችሁ ማግስት ሃይ ኮሪያ በተባለው የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮው የምትኖሩበትን አካባቢ በሚያስተዳድረው ቢሮ መሆን አለበት። የሌላ ወረዳ ቢሮ ክፍት ቦታ ስላለው ብቻ አትያዙ፤ በር ላይ ይመልሷችኋል።
3. የምትይዙት፦ ፓስፖርት፣ የተሞላ ፎርም፣ ጉርድ ፎቶ፣ የተማሪነት ማረጋገጫ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ የሳንባ ነቀርሳ ውጤት እና ክፍያ። የክፍያውን የዕለት መጠን ድረ ገጹ ላይ እዩ።
4. አሻራ ትሰጣላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት መቀበያ ደረሰኝ ጠይቁ። ካርዱ እስኪወጣ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በሂደት ላይ መሆናችሁን የምታሳዩት በእሱ ነው።
5. ካርዱ ሲደርስ እዚያው ቆማችሁ ስማችሁን ከደረጃ 1 ወረቀት ጋር አስተያዩ። ስህተት ካለ በዚያው ቀን አሳውቁ።

ቢበላሽስ?

ቀጠሮ ከጠፋ፦ ጠዋት ጠዋት ገጹን ክፈቱ፤ የሚሰርዝ ሰው አለ። የመጀመሪያው ክፍት ቀን ከ90ኛው ቀን በኋላ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ወደ 1345 ደውሉ። የኢሚግሬሽን መረጃ ማዕከል ነው፤ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ይናገራሉ፤ አማርኛ የለም። የያዛችሁትን ቀጠሮና ከዚያ በፊት ቦታ እንዳልነበረ የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አስቀሩ።

የሳንባ ነቀርሳ ውጤቱ ካልተቀበሉት፦ በየወረዳው ቦጎንሶ የሚባል የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ ተመርመሩ። ውጤቱ ቀናት ስለሚፈጅ በቀጠሯችሁ ዋዜማ አትሂዱ።

ካርዱ ሳይወጣ ከኮሪያ አትውጡ። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነና ሳትመዘገቡ ጃፓን ልዝናና ብላችሁ ከወጣችሁ፣ ቪዛው አልቋል። መመለሻው በአዲስ ቪዛ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ባንክ

ኦንላይን ለምትሠሩት ነገር ሁሉ ማንነታችሁ የሚረጋገጠው በስማችሁ በተመዘገበ ስልክ ነው። ስለዚህ ካርዱን ይዛችሁ በመጀመሪያ ቴሌ ሱቅ ሂዱ። ርካሽ ፓኬጅ ከፈለጋችሁ አልትልፖን የሚባሉትን አነስተኛ ድርጅቶች ጠይቁ። ኔትወርኩ የትልልቆቹ ነው፤ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ሠራተኛው ስማችሁን ሲጽፍ ስክሪኑን አሳዩኝ በሉት። ክፍተቱም ጭምር እንደ ካርዱ ይሁን።

ቀጥሎ ባንክ። ካርድ፣ ፓስፖርት፣ የተማሪነት ማረጋገጫና አዲሱን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወይም አጠገቡ ያለው ቅርንጫፍ የውጭ ተማሪ ስለለመደ ይሻላል። መጀመሪያ የሚከፍቱላችሁ የዕለት ማስተላለፊያ ገደብ ያለው አካውንት ነው። አትጨቃጨቁ። የሥራ ውልና የደሞዝ ማስረጃ ስታመጡ ገደቡ ይነሣል።

ማረጋገጫው «መረጃው አይዛመድም» ካለ፦ ስሙን ያለ ክፍተት፣ ከዚያ በክፍተት ሞክሩ። እምቢ ካለ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ይቆለፋል። ቴሌ ሱቁ ተመለሱና «በካርዱ ላይ እንዳለው አስተካክሉ» በሉ። ችግሩ ከባንኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የቴሌው ምዝገባ ላይ ነው።

የጤና ኢንሹራንሱ ግዴታ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ተማሪንም ይጨምራል። ዲ-2 ከተመዘገበበት ቀን፣ ዲ-4 ከ6 ወር በኋላ ይገባበታል። ለተማሪ ቅናሽ ተደርጎለት በወር ከ70 ሺህ ዎን ከፍ ይላል። ሂሳቡ በኮሪያኛ በተጻፈ ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል። ማስታወቂያ መስሏቸው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። ውዝፉ ቪዛ ማራዘሚያ ላይ ይመጣባችኋል። ባንኩ ላይ አውቶማቲክ ክፍያ አስደርጉ።

ደረጃ 6፦ የሥራ ፈቃድ

አሁን ነው ሥራ የሚፈለገው። የቅደም ተከተሉ ልብ ይህ ነው፦ ሥራ ታገኛላችሁ፣ ፈቃድ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ትጀምራላችሁ። «ነገ ጀምር፣ ወረቀቱን ቀስ ብለን እናደርሳለን» የሚል አሠሪ ቢያጋጥማችሁ አትስሙት፤ ብትያዙ እሱም ይቀጣል። ከአገር የምትወጡት ግን እናንተ ናችሁ።

የሚፈቀድላችሁ ሰዓት በትምህርት ደረጃችሁና በቶፒክ (የኮሪያ ቋንቋ ፈተና) ውጤታችሁ ይወሰናል። ፈተናውን ያላለፈ ሰው ሰዓቱ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀነስበታል። አንዳንድ የዲግሪ ተማሪ በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል። የዲግሪና ከዚያ በላይ ተማሪ ቋንቋውን ካለፈ ቅዳሜ፣ እሑድና በዕረፍት ወራት የሰዓት ገደቡ ይላላል። እንግዲህ ለሥራ ብላችሁም ቢሆን ቶፒክን ቶሎ ተፈተኑ። የምትሠሩበትን ሰዓት የሚያበዛ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

1. ሥራ ፈልጉ። አልባሞን፣ አልባቾንጉክና ታንግን የሚባሉት አፖች ላይ ይለጠፋል። ቋንቋው ገና ለሆነ ሰው የሚገኘው የምግብ ቤት ጓዳ፣ ዕቃ ማጠብ፣ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ሥራም ጠይቁ፤ ሰው ይረሳዋል።
2. አሠሪው ሲስማማ ሦስት ነገር ተቀበሉ፦ የተፈረመ መደበኛ የሥራ ውል፣ የድርጅቱ የንግድ ምዝገባ ቅጂ፣ እና የትርፍ ሰዓት ሥራ ማረጋገጫ ፎርም ላይ ፊርማውን። የንግድ ምዝገባውን የማይሰጥ አሠሪ ፈቃድ ሊያስወጣላችሁ አይችልም። ተነሡና ሂዱ።
3. ፎርሙን ወደ ዓለም አቀፍ ቢሮ ውሰዱ። ኃላፊው ውጤታችሁንና ክፍል መገኘታችሁን አይቶ ይፈርማል። አማካይ ውጤቱ ከሲ በታች የሆነ ይከለከላል።
4. ሁሉንም ከትራንስክሪፕትና ከቶፒክ ውጤት ጋር በሃይ ኮሪያ ኦንላይን ወይም በአካል አስገቡ።
5. ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ ሥራ ጀምሩ። በውሉ ላይ ካለው ቦታ ውጭ፣ ለምሳሌ የአሠሪው ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሂዱ ቢሏችሁ፣ እሱ ሌላ ፈቃድ ነው። አሠሪ ከቀየራችሁም ሂደቱ እንደገና ነው።

ለተማሪ የማይፈቀዱ፦ የግንባታ ቀን ሥራ፣ በሞተር ምግብ ማድረስ፣ የመጠጥና የመዝናኛ ቤቶች፣ እንዲሁም በግል ቤት ለቤት ማስጠናት። የመጨረሻው ብዙ እንግሊዝኛ የሚችሉ ልጆችን ያሳስታል። የጎረቤት ልጅ ማስጠናት ምን ክፋት አለው ትላላችሁ፤ ግን ክልክል ነው። ፋብሪካ ደግሞ የቶፒክ 4ኛ ደረጃ ይጠይቃል።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። «በቀን ብዙ ብር፣ ቀላል ሥራ፣ ከሰው ብር ተቀብሎ ማድረስ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ይመጣል። ይህ የስልክ አጭበርባሪዎች ቡድን ነው። ብሩን የሚቀበለው ልጅ ነው ካሜራ ላይ የሚታየውና የሚታሰረው። የባንክ ካርዳችሁን ወይም አካውንታችሁን ለማንም አታውሱ፤ ለአገር ልጅም ቢሆን። ማዋሱ ራሱ ወንጀል ነው።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ደሞዝ

የ2026 ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 10,320 ዎን ነው። በ2025 10,030 ነበር። ከዚያ በታች ተስማምታችሁ ብትፈርሙ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም።

ከዚህ በተጨማሪ ጁህዩ ሱዳንግ የሚባል የሳምንት ዕረፍት ክፍያ አለ። በሳምንት 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለመሥራት ከተዋዋላችሁና የተመደባችሁባቸውን ቀናት ሁሉ ከሠራችሁ ይገባችኋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ብትሠሩ 4 ሰዓት ይጨመራል። 24 ሰዓት ሲባዛ በ10,320፣ በሳምንት 247,680 ዎን። በወር በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን 76 ሺህ ዎን መሆኑ ነው። አንዳንድ አሠሪ ይህን ላለመክፈል 14 ሰዓት ብቻ ይሰጣል። ሕጉ አይከለክለውም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ።

1. የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። የሥራ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ፎቶ አንሡት።
2. ደሞዝ ሲገባ የደሞዝ ዝርዝር ጠይቁ። መስጠት ግዴታው ነው።
3. 3.3 በመቶ ከተቆረጠባችሁ እንደ ፍሪላንሰር አስመዝግበዋችኋል ማለት ነው። ለጓዳ ሠራተኛ ትክክል አይደለም፤ ግን የተለመደ ነው። በተከታዩ ዓመት ሜይ ወር ሆምታክስ (የመንግሥት የግብር ድረ ገጽ) ላይ የገቢ ግብር ስታሳውቁ፣ ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ የተቆረጠው ሊመለስላችሁ ይችላል።

ካልከፈሏችሁ፦ መጀመሪያ በካካኦቶክ በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ ብቻ አትነጋገሩ፤ በጽሑፍ የሚቀር ማስረጃ የለውም። ሥራ ከለቀቃችሁ አሠሪው በ14 ቀን ውስጥ ሂሳባችሁን መዝጋት አለበት። ካለፈ ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር 1350 ደውሉና የአካባቢያችሁ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገቡ። ነፃ ነው። የሰዓት ማስታወሻችሁ፣ ፎቶዎቹና የካካኦቶክ መልእክቶቹ እዚህ ዋጋ ያወጣሉ። ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ ሆስፒታሉ ላይ «ቤት ወድቄ ነው» አትበሉ፤ አሠሪው ቢለምናችሁም። የሥራ ላይ ጉዳት መድን የውጭ ዜጋንም ይሸፍናል። የተናገራችሁት ነገር ግን መዝገብ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ ቤት መቀየርና ቪዛ ማራዘም

ከዶርም ወጥቶ ዎንሩም (ባለ አንድ ክፍል ቤት) መከራየት የሚያምረው ብዙ ነው። ኪራዩን ብቻ አትዩ። ቦጅንግግም የሚባል ማስያዣ አለ፤ ሴኡል ውስጥ 5 እና 10 ሚሊዮን ዎን መጠየቅ የተለመደ ነው። ስትወጡ የሚመለስ ገንዘብ ስለሆነ እንዲህ አድርጉ፦

1. በቡዶንግሳን (የቤት አገናኝ ቢሮ) በኩል ተከራዩ። የቤቱን የባለቤትነት መዝገብ አውጡልኝ በሏቸው። ውሉ ላይ ያለው ስምና መዝገቡ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። ቤቱ በትልቅ ብድር የተያዘ ከሆነ ተዉት።
2. ማስያዣውን በባለቤቱ ስም ባለ አካውንት ብቻ ላኩ። ለወንድሙም፣ ለሚስቱም አይደለም።
3. ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ግድግዳውን፣ ወለሉንና መታጠቢያውን በቪዲዮ ቅረጹ።
4. በገባችሁ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲሱን አድራሻ በኢሚግሬሽን ወይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ውሉ ላይም የተረጋገጠ ቀን ማኅተም አስመቱ። ቤቱ በዕዳ ቢሸጥ ማስያዣችሁን ለመጠየቅ የሚያስችላችሁ ይህ ነው። አድራሻ ሳይቀይሩ መቆየት ደግሞ ቅጣት አለው።

ቪዛ ማራዘሚያ ከማብቂያው 4 ወር በፊት ጀምሮ በሃይ ኮሪያ ማስገባት ይቻላል። አንድ ወር እስኪቀር አትቆዩ፤ እንደ ካርዱ ሁሉ ቀጠሮው ይሞላል። ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። የጤና ኢንሹራንስ ውዝፍ አለ ወይ? ክፍል የመገኘት መጠናችሁ ስንት ነው? በተለይ ዲ-4 ላይ ከ70 በመቶ ከወረደ ችግር ነው። ፓስፖርታችሁ ከምትጠይቁት ጊዜ በላይ ይቆያል ወይ? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ሴኡል ባለው ኤምባሲያችን እድሳት ጀምሩ። አዲሱ ሲመጣ ቁጥሩ ስለሚቀየር፣ ቁጥሩን ለኢሚግሬሽን አሳውቁ፤ ቀጥሎ ለባንኩ፣ ቀጥሎ ለቴሌው።